ገና እያደገ ነው

የእህቴን ልጅ አጥንት ስኳር በነካው ጣታቸው ሲያገላብጡት ያየሁ ሴት ነኝ። አባቱ ሮይስ ፕሩት የልጁን የግራ እጅ ራጅ ከፒካፑ መቀመጫ ኋላ ያወጣና ሶካ ዶናት ቤት ይዞት ይገባል። ከዚያ በመስኮቱ ብርሃን ላይ ይዘረጋዋል። ጡረተኞቹ፣ ጥጥ አምራቾቹ፣ የባንክ ቤቱ ሰውዬ ሳይቀር ዶናታቸውን በአንድ እጅ እንደያዙ ይከቡታል። ሽበት የወረሳቸው ሰዎች የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ አንጓ ላይ አፍጥጠው ይከራከራሉ።

«ይቺን ክፍተት አየሃት? አጥንቱ ገና አልገጠመም።»

«ጥቁሯ መስመር ናት?»

«እሷ ናት። ሐኪሙ ሁለት ኢንች ይጨምራል ብሏል። ልጁ ገና እያደገ ነው።»

«ተመስገን በል ሮይስ! ሁለት ኢንች ከጨመረማ ኮሌጆቹ ደጅህን ያጣብቡታል።»

ቡናዬን ሳልጨርስ ወጣሁ። እኛ አገር ጨረታ ላይ ወይፈን ሲሸጥ እንኳ ዙሪያውን ዞረው ያዩታል እንጂ አጥንቱን ይዘው ከተማ ለከተማ አይዞሩም።

ግሌንዳ እባላለሁ። ክሬንሾ ውስጥ ያለው የወንዶች ፀጉር ቤት አንድ ነው፤ እሱም የእኔ ነው። ምዕራብ ቴክሳስ ውስጥ ከእኛ የሚያንሱ ከተሞች አሉ፤ ብዙ ግን አይደሉም። ነዳጅ አለ፣ ጥጥ አለ፣ ነፋስ አለ፣ ዓርብ ማታ ደግሞ ኳስ አለ። የእኛ ኳስ በእጅ የሚወረወረው ነው። ቡድናችን «ወይፈኖቹ» ይባላል። ጨዋታውን የሚመራው፣ ኳሷን ተቀብሎ ለማን እንደሚወረውራት የሚወስነው ልጅ ኳርተርባክ ነው። ክሬንሾ ውስጥ ከንቲባው ማን እንደሆነ የማያውቅ ሞልቷል፤ ኳርተርባኩን የማያውቅ ግን የለም።

ዳልተን የታናሽ እህቴ የላዶና አንድያ ልጅ ነው። የተወለደው ኦገስት ሊያልቅ ሲል፣ ሙቀቱ አስፋልት በሚያቀልጥበት ሰሞን ነው። አምስት ዓመት ሲሞላው ላዶና መዋዕለ ሕፃናት ልታስገባው የትምህርት ቤት ቦርሳ ገዛችለት። ልጁ የቁርስ ካርቶን ላይ ያለውን ጽሑፍ አንድ ሳያስቀር ያነብ ነበር። ሮይስ ግን ሞቼ እገኛለሁ አለ።

«ዘንድሮ ከገባ ከክፍሉ ትንሹ እሱ ነው። ከርሞ ከገባ ትልቁ እሱ ነው። ትንሽ ሆኖ መማር ምን እንደሆነ እኔን ጠይቂኝ» አላት።

ሮይስን መጠየቅ አያስፈልግም፤ ሳይጠየቅ ይናገራል። ተማሪ ሳለ ድንክ ነበር። ሁለተኛ ደረጃን የጨረሰው ማሊያ ለብሶ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ለሚጫወቱት ውሃ እያቀበለ ነው። ትምህርቱን ጨርሶ ነዳጅ ጉድጓድ ላይ ሥራ በያዘ በዓመቱ ተመዘዘ። አሁን ፀጉር ቤቴ ሲገባ በሩ ላይ ጎንበስ ይላል። «አንድ ዓመት ቢያቆዩኝ ኖሮ» እያለ ነው እህቴን ያገባት፣ «አንድ ዓመት ቢያቆዩኝ ኖሮ» እያለ ነው የሸበተው። መጀመሪያ አዝንለት ነበር። ኋላ ግን ያን ቁጭቱን ልጁ ጫንቃ ላይ ሲጭነው ሳይ አንገሸገሸኝ።

ዳልተን ያን ዓመት ቤት ዋለ። ጠዋት ጠዋት የጎረቤታችን ልጅ ሩበን ቢጫው አውቶቡስ ላይ ሲወጣ በመስኮት እያየ ያለቅሳል። ሲበቃው ጓሮ ይወጣና ነጩን የጋዝ በርሜል በኳስ ሲደበድብ ይውላል። ያ ክንድ የመጣው ከዚያ ነው። በርሜሉ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ ላዶና ራሷን ይዛ ትቀመጣለች። ሮይስ ደግሞ ከሥራ ሲመለስ ከመኪናው ሳይወርድ ድምፁን እያዳመጠ ፈገግ ይላል።

አይካድም፤ ልጁ ተሰጥኦ አለው። እኔ የኳስ ወዳጅ አይደለሁም። ሰው እንደ ሰው ጥሩ ልብስ ለብሶ ሌላውን ሰው ጠልፎ ሲጥል ምኑ እንደሚያስደስት እስከዛሬ አልገባኝም። ዳልተን ሲወረውር ግን ዝም ብዬ አያለሁ። ኳሷ ከእጁ ስትወጣ አትቸኩልም፤ ሄዳ ሄዳ ሯጩ ልጅ እጁን የሚዘረጋበት ቦታ ላይ ትደርሳለች። ያንን ማንም አላስተማረውም።

ስምንተኛ ክፍልን ሊጨርስ ሲል የወይፈኖቹ አሰልጣኝ ቦይድ እህቴ ቤት መጡ። እኛ ጋ ክፍል የሚደግመው ሰነፍ ብቻ አይደለም። ጎበዝ ኳስ ወርዋሪም ይደግማል። ፈተናውን አልፎ፣ ጥሩ ውጤት አምጥቶ፣ ስምንተኛን እንደገና «ሀ» ብሎ ይጀምራታል። በዚያ ዓመት ይረዝማል፣ ይወፍራል፤ ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ከታናናሾቹ ጋር ይጋጠማል። አባቶች ይህን ሲያወሩ አያፍሩም። እንዲያውም ያላስደገመውን ለልጁ የማያስብ ነው ብለው ያሙታል።

እኔ ዕቃ እያጠብኩ ነበር። ቦይድ ሁለተኛ ሳህን የዶሮ ጥብስ ይዘው ጠረጴዛው ራስ ላይ ተቀምጠዋል።

«ከዚህ በፊት ክፍል ደግሞ ያውቃል?» ብለው ጠየቁ።

«በፍጹም!» አለ ሮይስ ደረቱን ነፍቶ። «አንድም ቀን!»

«ዘግይቶ ነው እኮ የገባው» አለች ላዶና። «ሲጀመርም ከእኩዮቹ በአንድ ዓመት ወደ ኋላ ነው።»

«አንቺ ደግሞ! ያ አይቆጠርም። ያኔ ሕፃን ነበር።»

«ሕፃንም ቢሆን ዓመት ዓመት ነው፣ ሮይስ።»

«ይቅርታ ያድርጉልን አሰልጣኝ፤ እናት አይደለች፣ ትፈራለች። ይልቅ ራጁን ላሳይዎት።»

ራጁ መጣ። ቦይድ የዶሮ ቅባቱን ሱሪያቸው ላይ ጠርገው ፊልሙን ወደ አምፖሉ አነሡት። ሁለቱ ወንዶች አንገታቸውን ቀልብሰው የልጁን አጥንት ያያሉ። ላዶና አፏን ልትከፍት ስትል ማንም ወደ እሷ አልዞረም።

«ልጁን ጠይቁት እንጂ!» አልኩ እኔ።

ዳልተን በሩ ላይ ተደግፎ ቆሞ ነበር። «የክፍሌ ልጆችስ?» አለ። «እነሱ ያልፋሉ?»

«እነሱ ያልፋሉ» አሉ ቦይድ። «አንተ ግን በመጨረሻው ዓመትህ ማንም አይችልህም። ትልልቆቹ ኮሌጆች ለኳስ ማንን በነፃ እንደሚያስተምሩ የሚወስኑት ያቺን ዓመት አይተው ነው። ያቺን ዓመት አስባት፣ የኔ ጀግና!»

ያቺን ዓመት አሰባት። ከዚያ ቀን ወዲህ እዚያ ቤት ሁሉም ነገር ለመጨረሻዋ ዓመት ተባለ። ባሕር እንሂድ ሲባል ለመጨረሻዋ ዓመት፣ ጣሪያው ያፈሳል ሲባል ከመጨረሻዋ ዓመት በኋላ። ልጁ ራሱ ሲያወራ እንደ በዓል ነበር የሚጠብቃት።

ስምንተኛን ደገማት። ያንኑ መጽሐፍ፣ ያንኑ መምህር፣ መምህሩ የሚቀልዱትን ያንኑ ቀልድ። በዚያው ዓመት ጺም አወጣና ስምንተኛ ክፍል ሆኖ እንድላጨው እኔ ዘንድ ይመጣ ጀመር። ሜዳ ላይ ደግሞ ድምፃቸው ገና ያልጎረነነ ልጆችን ሲያተራምስ ይውላል። አንድ ቀን የተጋጣሚ ቡድን እናት ከመቀመጫዋ ተነሥታ «ያ ሰውዬ ልጆቹን ነው ወይስ የልጅ ልጆቹን ነው ያመጣው?» ብላ ጮኸች። የእኛ ሰዎች ሊበሏት ደረሱ። እኔ ግን እውነት ስለሆነባቸው ነው የተናደዱት ብዬ ሳቅኩ።

ዘጠነኛ ክፍል ሲገባ በዋናው ቡድን ተሰለፈ። ከዚያማ ከተማው አበደ። የደጋፊዎች ማኅበር እህቴ ግቢ ፊት ለፊት ስሙና ቁጥሩ ያለበት ትልቅ ሰሌዳ ተከለ። «ዘጠነኛ ክፍል ነው እኮ! ዘጠነኛ ክፍል ሆኖ እንዲህ ከሆነ አሥራ ሁለተኛ ሲደርስ አስበው!» ይባላል። ሁሉም ክፍሉን ይቆጥራል። ዕድሜውን የሚቆጥር አልነበረም፤ ልደቱን ግን በየዓመቱ አብረን እንበላ ነበር። ኦገስት ሊያልቅ ሲል ቡድኑ ከሕዝቡ ጋር የሚተዋወቅበት ማታ አለ፤ ሐብሐብ ይቆረጣል፣ ልጆቹ አንድ በአንድ ስማቸው ይጠራል። የዳልተን ልደት በዚያው ሰሞን ስለሚውል ኬኩ እዚያው ሜዳ ላይ ይቆረስለታል።

አሥረኛ ክፍል እያለ ሮይስ አንድ ቀን ልጁን እየጎተተ ፀጉር ቤት ገባ።

«ነገ የኮሌጅ መልማይ ይመጣል። ጺሙን ድራሹን አጥፊልኝ።»

«ትናንት ላጨሁት እኮ።»

«ጥላው ይታያል። ጺም ካለው ያለቀለት ይመስላል። ገና ቦታ እንዳለው ማየት ነው የሚፈልጉት።»

«የምን ቦታ?»

«የማደጊያ ነዋ፣ ግሌንዳ! ዛሬ ምን ሆነሻል?»

ልጁ በመስታወቱ ውስጥ አየኝና ዓይኑን ጨፈነ። አባት ልጁን ልጅ ለማስመሰል በምላጭ ሲያስፍቅ ማየት ያስጠላል። ከዚያ ወዲህ መልማይ በመጣ ቁጥር ይህ ሥርዓት ሆነ። አንገቱ በምላጭ ብዛት ቀልቶ ሽፍ ይልበት ነበር፤ ላዶና ቅባት ትቀባዋለች።

አሥራ አንደኛ ክፍል ላይ ነገሩ ተበላሸ። ክንዱ ያው ክንድ ነው። ግን እነዚያ ሕፃናት የነበሩት ተጋጣሚዎች አደጉ፣ ደነደኑ፣ በትከሻቸው ይገፉት ጀመር። ቀድሞ የማይደርሱበት ኳስ ላይ እጃቸው ይደርሳል። መልማዮቹ ሳሱ። ዶናት ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። የባንክ ቤቱ ሰውዬ የሚመራው ወገን «አለቀለት፤ ከዚህ ወዲያ አያድግም» ይላል። ሮይስ የሚመራው ወገን «ገና ነው፤ ከርሞ ታያላችሁ» ይላል። ያ ራጅ በየሳምንቱ ይወጣል። የዓመታት ፊልም ነው፤ ያ እጅ ከዚያ ወዲህ ስንት ነገር እንደሠራ አንዳቸውም አያስቡም።

«ዶናት ቤት ምን ይላሉ፣ አክስቴ?» አለኝ ዳልተን አንድ ቅዳሜ ወንበሬ ላይ ተቀምጦ።

«ግማሾቹ አልቆለታል ይላሉ። ግማሾቹ ገና እያደገ ነው ይላሉ።»

«እኔ ያው ነኝ» አለና ሳቀ። «ሌሎቹ ናቸው የደረሱብኝ። ሕፃናት ላይ ስወረውር ነበር እኮ።»

«ይህን ለአባትህ አትነግረውም?»

«ነገርኩት። ራጁን አሳየኝ።»

መቀሴን አስቀመጥኩ። «ታዲያ ለምን አትተወውም? ሩበን የመብራት ምሰሶ ላይ እየወጣ ራሱን ችሏል። ሰው ይፈልጋሉ ብሎ ደውሎልህ የለ?»

«እሄዳለሁ። የመጨረሻዋን ዓመት ሳልጫወት ግን አልሄድም።» ፊቱ ኮስተር አለ። «ሁለት ዓመት ነው ያስቀመጡኝ፣ አክስቴ። ከሩበን ጋር መጨረስ ነበረብኝ። ያቺን ዓመት ካልተጫወትኳት ያ ሁሉ ለምን ነበር?»

«ሁለት ዓመት» አለኝ፤ ሰምቼዋለሁ። እሱም ያውቃል፣ እናቱም ታውቃለች፣ እኔም አውቃለሁ። የኳሱን የዕድሜ ሕግ ግን የሚያወሩት ወንዶቹ ናቸው፤ የእኛን ቁጥርና የእነሱን ሕግ አንድ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠ ሰው አልነበረም።

ያ የትምህርት ዓመት ሊያልቅ ሲል ቦይድን የትልቅ ከተማ ትምህርት ቤት ጠራቸውና ጥለውን ሄዱ። በምትካቸው ትሬቪኖ የሚባል ወጣት አሰልጣኝ መጣ። ትሁት ልጅ ነው፤ ገና ጓዙን ፈትቶ አልጨረሰም ነበር። ኦገስት አለቀ፣ የትውውቁ ማታ ደረሰ። ሐብሐቡ ተቆረጠ፣ ስም ተጠራ፤ «የመጨረሻ ዓመት ኳርተርባካችን፣ ዳልተን ፕሩት!» ሲባል የተመልካቹ መቀመጫ በእግር ድብደባ ተንቀጠቀጠ። ልጁ እስከ ጆሮው ፈገግ ብሎ ነበር። እንዲያ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

ከዚያ የዶናት ቤቷ ሶካ ዶናት በዶናት ላይ ከምራ የሠራችውን ኬክ ይዛ መጣች። አናቱ ላይ ሁለት የቁጥር ሻማ ይነዳል፤ አንድ እና ዘጠኝ። ዘመርን። ዳልተን እፍ አለ። ሁሉም ተሻምቶ በላ።

ትሬቪኖ ዶናቱን ገምጦ ሻማውን አየና «ሶካ፣ የስምንት ሻማ አጣሽ እንዴ?» ብሎ ቀለደ።

«ስምንትማ ሞልቶኛል» አለች ሶካ ግራ ገብቷት። «ዘጠኝ ነው ያሉኝ።»

«አሥራ ዘጠኝ!» ብሎ ጮኸ ሮይስ ከወዲያ ማዶ። የልጁን ትከሻ ቸብ ቸብ አደረገው። «እዩት እስቲ! ሙሉ ሰው ሆነላችሁ!»

ትሬቪኖ ማኘኩን አቆመ። ዶናቱን ቀስ ብሎ አግዳሚው ላይ አስቀመጠ።

«አሥራ ዘጠኝ የሞላው ዛሬ ነው?»

«ዛሬ ነዋ! ኬኩ ምን መሰለህ?»

«ሮይስ… ሴፕቴምበር አንድ ሳይገባ አሥራ ዘጠኝ የሞላው ልጅ አይጫወትም።»

ሕጉ አዲስ ሆኖባቸው አይደለም። እነዚያ ሰዎች ሕጉን እንደ ጸሎት በቃላቸው ይወጡታል፤ የሌላ ከተማ ልጅ ትከሻው ሰፋ ባለ ቁጥር «ዕድሜው ይጣራ!» ብለው የሚጮኹት እነሱ ናቸው። አሁን ግን ሁሉም ዶናት በአፉ እንደያዘ እርስ በርሱ ተያየ።

«አንድ ጊዜ ነው ያስደገምነው!» አለ ሮይስ። «አንድ ዓመት ብቻ! ቦይድን ጠይቁት!»

«ሁለት» አለች ላዶና።

ሁሉም ወደ እሷ ዞሩ። ያን ጊዜ ገና ማዳመጣቸው ነው።

«ሁለት ነው፣ ሮይስ። ማዕድ ቤቴ ውስጥ ነግሬያችኋለሁ። አይቆጠርም አላችሁኝ።»

ዳልተን አሰልጣኙን «አንድም ጨዋታ?» ብሎ ጠየቀው።

«አንድም፣ የኔ ወንድም። ነገ እደውላለሁ፣ እለምናለሁ፤ ግን አልዋሽህም።»

ልጁ ማሊያውን እዚያው አወለቀ። አጣጥፎ ሐብሐቡ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠውና በካናቴራ ወደ መኪናው ሄደ። ማሊያው ጫፉ የሐብሐብ ውኃ ነክቶት ነበር፤ አንዲት የደጋፊዎች ማኅበር ሴት ሮጣ አነሣችው። ለልጁ አዝና መስሎኝ ነበር። እንዳይቆሽሽ ነው፤ ለሌላ ልጅ ይሰጣልና።

ትሬቪኖ ደወለ፣ ለመነ፣ አልሆነም። በማግስቱ ላዶና ቁርስ ሳትሠራ ሁለት ሰዎች መጥተው ሰሌዳውን ከግቢዋ ነቀሉት። ብረቱን ለአዲሱ ኳርተርባክ ይፈልጉታል። «እንደምን አደርሽ» እንኳ አላሏትም። ይህን ሰምቼ በቀጥታ ወደ ዶናት ቤት ሄድኩ፤ ደሜ ፈልቷል። እዚያ ደግሞ ነገሩ የአብዬን ወደ እምዬ ሆኖ ቆየኝ።

«እናት ሆና የልጇን ዕድሜ አታውቅም?» ይላል አንዱ።

«እኔ ድሮም ብያለሁ» ይላል የባንክ ቤቱ ሰውዬ። «ሕፃናት መሃል ትልቅ ሰው አስገብተህ ማን አይጎብዝም? ጊዜው አልፎበታል።»

«አንተ!» አልኩት። «ይህንኑ ልጅ ስምንተኛን ሲደግም ‘ተመስገን’ ያልከው አንተ አይደለህም? ራጁን የያዝክበትን እጅህን አይቼዋለሁ። ለግማሻችሁ እስከ ኬኩ ማታ ድረስ ገና ነበር፣ ዛሬ ጠዋት አልፎበታል። መቼ ነበር ታዲያ ልክ የነበረው? ቀኗን ንገረኛ!»

«አትቆጪ እንግዲህ፣ ኳስ ነው» አለኝ።

«ልጅ ነው!» አልኩት። ሶካ ቡና ልትቀዳልኝ ስትል እምቢ ብዬ ወጣሁ። እዚያ ቤት ከዚያ ወዲህ አልገባሁም፤ የሶካ ጥፋት እንዳልሆነ ግን ነግሬያታለሁ።

የመጀመሪያው ጨዋታ ዓርብ ደረሰ። ከሰዓት በኋላ ሱቁ ሁሉ ተዘጋግቶ ሰው ወደ ሜዳ ይተማል። ዳልተን ፀጉሩን ሊስተካከል እኔ ዘንድ መጥቶ ነበር። ከዚያ ማታ ወዲህ ፊቱን ምላጭ አልነካውም። ጺሙ ጥቁር፣ ጥቅጥቅ ያለ፣ ደንበኛ የሰው ጺም ነው። ትምህርቱን በዲሴምበር ቀድሞ እንደሚጨርስና ሩበን ጋ እንደሚሄድ እየነገረኝ ነበር። ስለ ኳስ አላነሣም። የትምህርት ቤቱ የሙዚቃ ጓድ ከበሮ ከሩቅ ሲሰማ ግን ወንበሩን ጨበጥ አደረገ፤ እኔም እንዳላየ ሆንኩ።

በሩ ተበረገደ። ሮይስ ነው፤ ጎንበስ ብሎ ገባ፣ ላብ አስምጦታል፣ ያ ራጅ በብብቱ ነው።

«እዚህ ነህ? ተመስገን! ስማ፣ አንድ የሁለት ዓመት ኮሌጅ አሰልጣኝ ዛሬ ጨዋታ ላይ አለ። በስልክ አናገርኩት። የማደጊያ ቦታ ካለህ ይወስድሃል። የመጀመሪያውን ዓመት ሳትጫወት ትቀመጣለህ፣ ትጠነክራለህ፣ ከዚያ…»

«እቀመጣለሁ?» አለ ዳልተን።

«አንድ ዓመት ብቻ! ግሌንዳ፣ ምላጩን አንሺ። ቶሎ በይ፣ ጨዋታው ሊጀመር ነው። እንዲህ ሆኖ አያየውም።»

ይህ ሰው ከዚያ ሁሉ በኋላ ምንም አልተማረም። ሞኝ ካመረረ በግ ከበረረ መመለሻ የለውም። ምላጩን አላነሣሁም። ልጁን በመስታወቱ አየሁት።

«ተዪው አክስቴ» አለ። «ይደግ።»

«ዳልተን፣ ሰውዬው ጺምህን ሲያይ ትልቅ ሰው ነው ብሎ ይሄዳል!»

«ነኝ እኮ፣ አባዬ። ኬኬን በልተሃል።»

ተነሣ። አንገቱ ላይ የነበረውን ጨርቅ ፈትቶ አራግፎ ወንበሩ ላይ አኖረው። ጉንጬን ሳመኝ፣ አባቱንም ትከሻውን ያዝ አድርጎ አለፈውና ወጣ። ሰው ሁሉ ወደ ሜዳው በሚሄድበት መንገድ እሱ ወደ ቤቱ፣ ወደ እናቱ ሄደ።

ሮይስ ቆሞ ቀረ። እጮህበታለሁ ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን ወደ መስኮቴ ሄደና ራጁን ወደ ብርሃኑ አነሣው።

«ነይ እዪው፣ ግሌንዳ» አለኝ። «እዚች ጋ ነበረች። ክፍተቷ እዚች ጋ ነበረች እኮ።»

ሄጄ አየሁለት። ፊልሙ ላይ የዚያ ሁሉ ሰው የጣት አሻራ ተደራርቦበት ምንም አይታይም ነበር።